ይጥሩልኝ

ደሴ ባለው ቤቴ፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ አንድ ጥቁር ስልክ ተቀምጧል። ሁለት ኪሎ ስኳር ያህል ይከብዳል። ጠርዙ ተሰንጥቆ በማስቲሽ ተጣብቋል። እጀታው አፍ በሚነካው በኩል ደብዝዟል፤ የስንት ሰው ትንፋሽ እንዳረፈበት እንጃ። ክቡ መደወያ ላይ ካሉት አሥር ቀዳዳዎች በአንዱ፣ በ1 ቁጥር ቀዳዳ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጓጉንቸር ተቆልፋበታለች። ቁልፏ ጠፍቷል። ስልኩ የአጎቴ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቹ "አንተ ነህ የምትወደው" ብለው ሰጡኝ።

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያነሳዋል። ገመዱ ተቆርጦ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ እያየ፣ ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ሳልጠይቀው ወሬ ይጀምራል። አንዷ አባቷ ከአሰብ የደወለላትን ቀን ነገረችኝ። አንዱ የጎረቤት ስልክ ሲጠራ እናቱ ጫማ ሳታደርግ እንዴት እንደሮጠች ነገረኝ። ስለ ስልኩ ስለ ራሱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሥሪቱ፣ የሚያወራ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁሉም የሚያወራው ማን ማንን እንደጠራ ነው።

እኔ ያደግሁት ኩታበር ነው። ከደሴ በቦሩ ሜዳ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የደጋ ከተማ ናት፤ ገብስና ባቄላ ይዘራባታል፣ ባሕር ዛፍ ይበቅልባታል፣ በክረምት ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ቤታችን ስልክ አልነበረም፣ የጎረቤቶቻችንም ቤት እንዲሁ። ለሰፈሩ ሁሉ የነበረው ከመንገዱ ጥግ ያለው ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ስልክ ነው። ባለ ሱቁን አባባ እንላቸው ነበር፤ ያኔ ግን ገና ሽበት ያልነካቸው ሰው ነበሩ።

ያ ስልክ የሚደወልበት ቁጥር አልነበረውም። የእንጨት ሳጥን ነው፤ በጎኑ ትንሽ መዘውር አለው። መዘውሩ ሲዞር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ በማግኔቶች መካከል ይሽከረከራል፤ ከዚያ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሄዶ ስልክ ቤት ያለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ያስጥላል። ስልከኛዋ የወደቀችውን ክዳን አይታ የማን መስመር እንደሆነ ታውቃለች። ገመዷን ሰክታ "አቤት፣ ከየት ላገናኝዎ?" ትላለች። መዘውሩ የሚያመነጨው ለመጥሪያ ብቻ ነው፤ ንግግሩን የሚሸከመው ሳጥኑ ውስጥ ያለ ባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ድምፅም አብሮ ይደክማል። አባባ እንደ ሬዲዮናቸው ድንጋይ ሁሉ የስልኩንም እያወጡ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት አስታውሳለሁ።

ሰው ለምን በስልክ ይጮኽ እንደነበር ዛሬ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ያኔ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አፍ ስር ያለ የከሰል ፍርፋሪ የሞላበት ትንሽ ቆርቆሮ ነበር። የድምፅ ሞገድ ፍርፋሪውን ሲጫነው ኤሌክትሪኩ በደንብ ያልፋል፣ ሲለቀው ይቀንሳል። ከፍ ያለ ድምፅ አጥብቆ ይጫናል፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ቃሉ ተራራ ሳይሻገር ይቀራል። ስለዚህ ሰው የሚጮኸው ሞኝ ሆኖ አይደለም። መሣሪያው ጉልበት ይፈልግ ነበር።

የዚያ ስልክ እግር እኔ ነበርኩ። ደወሉ ሲንጫረር አባባ እጀታውን ያነሳሉ፣ "አቤት" ይላሉ፣ ያዳምጣሉ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚላት ቃል አንዲት ናት፤ ይጥሩልኝ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው "ሂድ እቴቴን ጥራ፣ ከደሴ ስልክ አለሽ በላት" ይላሉ። ወይም ቄሱን፣ ወይም ሼሁን፣ ወይም ልጇ ጅዳ ያለችውን የማዶ ሴትዮ። ጭቃ ይሁን ቁር፣ እሮጣለሁ። በአማርኛ ስልክም ይጠራል፣ ሰውም ይጠራል፤ ያኔ ሁለቱ አንድ ነገር ነበሩ። አንዱ ካልተጠራ ሌላው ጠርቶ ጠርቶ ዝም ይላል።

እቴቴ ስልክ ስትነጋገር የነበራት ሁኔታ ከዓይኔ አይጠፋም። ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እጀታውን በሁለት እጇ ትቀበላለች። "እንደምን ዋላችሁ" ስትል ወገቧን ዝቅ ታደርጋለች፤ ማዶ ያለው ወንድሟ እንደማያያት ታውቃለች፣ ግን ሰላምታ ያለ ወገብ አይሆንላትም። ከዚያ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አከራዩን፣ የአከራዩን እናት። ጥሪው በሦስት ሦስት ደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ ሁለቱ ደቂቃ በሰላምታ ያልቃል። ስልከኛዋ በመካከል ገብታ "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል" ስትል፣ ዋናው ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፤ "ገብሱን በሐሙስ መኪና ልኬዋለሁ፣ ተቀበል!" ዘወር ስትል ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። "አማን ናቸው?" ይሏታል። "አማን ናቸው" ትላለች። የሰማችውን ሁሉም ሰምቷል፤ ሆኖም ጠይቆ ከአፏ መስማት ወግ ነው።

ስልክ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። ለአያቶቻችን ነገሩ በእርግጥም ሽቦ ነበር፤ ከእንጨት እንጨት እየተወጠረ አገር የሚያቋርጥ ሽቦ። ቁመተ ረጅም ሰው እስከ ዛሬ በስልክ እንጨት ይመሰላል። የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንደጀመረ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ትልቅ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ነው። ያኔ ምስጡ እንጨቱን ይበላው፣ ዝሆን ሲታከክበት ይጥለው፣ ሽቦውን ደግሞ ለአምባር የሚፈልገው ሰው ይቆርጠው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ጣልያኖች የዘረጉት የአዲስ አበባና የአስመራ መስመር በወሎ በኩል አለፈ። በ1952 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ሰው ስልክን "ቴሌ" እያለ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አንድ አድርጎ መጥራት የለመደው ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ነው።

ደሴ ሌላ ዓለም ነበር። አጎቴ፣ የእቴቴ ወንድም፣ ተመዝግቦ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ያስገባው ስልክ ቁጥር አለው፤ ጣት ገብቶ የሚያዞረው መደወያ አለው። ሳሎን ውስጥ ከቡፌው ላይ፣ ሚስቱ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ እዚያ እላክ ነበር፤ ከአጎቴ ልጆች ጋር ሆነን ዳንቴሉን ገለጥ አድርገን ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ጓጉንቸሯ ግን አለች። በ1 ቁጥር ቀዳዳ ከተቆለፈች መደወያው ከአንድ በላይ አይዞርም።

ከእኛ መካከል ትልቁ ልጅ አንድ ቀን ዘዴ አገኘ። መደወያው ዞሮ ሲመለስ የሚሠራው ሌላ ምንም አይደለም፤ መስመሩን እየቆረጠ ይቀጥላል። 7 ብለህ ስታዞር ሰባት ጊዜ ይቆርጣል፣ 0 ስትል አሥር ጊዜ። ፍጥነቱ በሰከንድ አሥር ያህል ነው፤ ማዞሪያ ጣቢያው የሚቆጥረው ያን መቆራረጥ ነው። እጀታው የሚቀመጥበት መስቀያም ሲጫኑት መስመሩን ይቆርጣል። እንግዲያው መደወያውን መንካት አያስፈልግም፤ መስቀያውን በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ሦስት ጊዜ፣ ቆም፤ አምስት ጊዜ፣ ቆም። እጁ ካልተሳሳተ የጓደኛው ቤት ስልክ ይጠራል። ያን ቀን እጁ አልተሳሳተም።

አጎቴ ከጓዳ ሰምቶ መጣ፤ መስቀያው ሲመታ ደወሏ ትንሽ ትን ትን ትላለች። እንደሚገርፈን ጠብቀን ነበር። አልነካንም። ቁጭ ብሎ እንዲህ አለን፤ "እኔ የቆለፍኩት ለሂሳቡ ይመስላችኋል? ሂሳቡስ ይከፈላል። መስመሩን ከያዛችሁት፣ ከኩታበር የሚደውል ሰው አያገኘንም።" እስከዚያ ቀን ድረስ ጓጉንቸሯ ስልክ እንዳይወጣ የተደረገች ይመስለኝ ነበር። ለካ ስልክ እንዲገባ ነበር።

መብራት ሲጠፋም ያ ስልክ ይሠራል። ልጅ ሆኜ ተአምር ይመስለኝ ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከቤቱ ቆጣሪ ሳይሆን በዚያው በመዳብ ሽቦ፣ ማዞሪያ ጣቢያው ካሉት ትልልቅ ባትሪዎች ነው፤ 48 ቮልት ያህል። ደሴ በጨለማ ተውጣ፣ ጦሳ ተራራ ሳይታይ፣ ሁላችንም በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ቁጭ ብለን፣ ቡፌው ላይ ያለው ስልክ ድንገት ሲጮኽ የነበረው ድንጋጤ ዛሬም ይሰማኛል። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ደስታ ይዞ አይመጣም ይባል ነበር።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ ነገር ላይ ደረስኩ።

የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ክረምት ነው። የእቴቴ ባል በአሰብ መንገድ የሚሠራ ሹፌር ነበር፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ እየወረደ ይመላለሳል። አንድ ቀን ወደ ማታ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለ ስልኩ ተንጫረረ። አባባ አነሱ። "አቤት" አሉ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። "እሺ" አሉ፣ "እሺ፣ ሰምቻለሁ።" እጀታውን ሰቀሉት። ሂድ ጥራ እንዲሉኝ ጠበቅኩ። አልጠሩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ተደውሎ ማንም ሳይጠራ ቀረ።

ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ። ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠቀለሉና ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጡ። "የሒሳብ ትርፍ ነበረሽ" ብለው ስኳሩን ለእቴቴ ሰጧት። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ተቀመጡ። አቦል ጠጡ። ቶና ጠጡ። በረካው ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ባቄላው አወሩ፤ እቴቴ ስትስቅ እሳቸውም ሳቁ። ስኒውን ሲያስቀምጡ ከስኒው ስር ያለው ሳህን ኳ ኳ ብሎ መታ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። "አብሽሪ፣ ነገም ቀን ነው" ብለው ወጡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም።

ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ ሰው ነበር። ቄሱም ሼሁም፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ከላይ ሰፈር ሦስት ሴቶች፣ አባባ። ሌሊቱን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቡት እሳቸው ነበሩ። እቴቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቃል መናገር አላስፈለገውም። ስትወድቅ ከመሬት ሳትደርስ ሦስቱ ሴቶች ያዟት።

መርዶ እንዲህ ነበር የሚነገረው። በማታ አይነገርም፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ የሚይዘው የለም። ቢያንስ የመጨረሻ ሌሊቱን ተኝቶ ይደር ይባላል። ወሬውን መጀመሪያ የሰማ ሰው እስኪነጋ ድረስ በሆዱ ይዞት ያድራል፤ ያን ሌሊት ስለ ሌላው ሰው ሲል የሚሸከም አንድ ሰው ሁልጊዜ ነበር። የመዘውር ስልክ ይህን ወግ አላፈረሰውም። ከደሴ የሚደውለው ሰው አባባ ጋር ነው የሚደርሰው፤ እቴቴ ጋር የሚያደርሰው ሽቦ የለም። በሽቦውና በእሷ መካከል ሰው ነበር።

ያን መካከለኛ ሰው ከስልክ ውስጥ ያወጣው ማን እንደሆነ ሳነብ ደንግጬ ነበር። አልሞን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ያለ ስልከኛ ራሱ የሚያገናኘውን ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በ1891 በስሙ አስመዘገበ። እንደሚነገረው ሰውዬው ሥራው ቀብር ማስፈጸም ነበር። ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ስልክ ሲደውሉ ስልከኛዋ ወደ ተፎካካሪው እየመራች ገበያዬን አሳጣችኝ ብሎ አመነ፤ ስለዚህ ስልከኛ የማያስፈልገው መሣሪያ ፈጠረ። የአጎቴ ስልክ ላይ ያለው መደወያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። በመካከል ያለው ሰው የተነሣው፣ የሞት ወሬ በማን በኩል ይለፍ በሚል ጠብ መሆኑ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የድሮው ስልክ መልካም ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት የምትደውልበት አልነበረም። ባልና ሚስት የሚነጋገሩትን ሰፈር ሙሉ ይሰማ ነበር፤ ልቧ የተሰበረ ልጅ በሱቅ ውስጥ፣ በከረሜላና በሳሙና መካከል ቆማ፣ ሰው እያያት ታለቅስ ነበር። ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች ድምፃቸው የሚደርሰን በካሴት ነበር፤ ቀድተው በሰው ይልኩታል፣ ሦስት ወር ያለፈው ሰላምታ በቴፕ ይሰማል። ዛሬ የእቴቴ ልጅ ሪያድ ናት። ሁልጊዜ ማታ በኢሞ ትደውላለች። እቴቴ ስልኳን ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን አስደግፋ ታቆመውና ቡናዋን ታፈላለች፤ ልጅቷም እዚያ የራሷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ይጠጣሉ። ይህን የሚያህል ነገር ያኔ ማንም አላለመውም። ማንም ይህን ተይ ቢላት አብሬያት እሟገታለሁ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጋ ቆይቶ ደረሰ። ሲደርስ ግን ስሙን ይዞ ነው፤ ቀፎ። ንብ ያልተቀመጠበት ቀፎ ያለ ሲም ዝም እንደሚል ሰው ወዲያው ገባው። መስከረም 1998 ላይ ቁጥሮች ሲረዝሙና የእኛ 03 ወደ 033 ሲቀየር አጎቴ የማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ሁሉንም ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ አስተካከለ፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። ሚስኮል የሚባል ቋንቋም መጣ፤ አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደርሻለሁ ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ደውልልኝ። ካርድ መፋቅ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ መውጣት፣ የኖኪያ 1100 ባትሪ መብራት ይዞ በሌሊት መንገድ መሄድ። የአጎቴ የቤት ስልክ በአንዱ ክረምት ድምፁ ጠፋ። እሱም አላስጠገነውም፤ ዳንቴሉ ግን እንደተሸፈነ ቀረ። አሁን የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ70 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮምም ገብቷል።

ከዚያ ያ ወር መጣ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ስልክ ተቋርጦ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ እቴቴ ኩታበር። በየቀኑ እደውላለሁ፤ የተቀዳችው ሴትዮ የደወልኩላቸው ደንበኛ እንደማይገኙ ትነግረኛለች። በየመንገዱ ከወሎ የወጣ ሰው እየጠየቅን፣ "በዚያ በኩል አለፍክ? የኩታበርን ሰው አገኘህ?" እያልን ወሬ ለቀምን። አያቶቻችን መንገደኛ እንደሚጠይቁት ማለት ነው። ተጣጥፎ የረጠበ ቁራጭ ወረቀት ላይ "አለን" የሚል ቃል ሲደርሰኝ ከሚሊዮን ጥሪ በላይ ነበር።

መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የገባልኝ ጥሪ ከማላውቀው ቁጥር ነበር። አባባ ናቸው። የእቴቴ ስልክ ባትሪው ሞቶ፣ መብራትም ገና አልመጣ፤ የእሳቸው ባለ በተኑ ትንሿ ስልክ ግን ተርፋለች። "አለች፣ ደህና ናት" አሉኝ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ የማወጣው ቃል አጣሁ። የወጣልኝ አንድ ቃል ነበር፤ "አባባ፣ ይጥሩልኝ።" ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ስልኳን እንደያዙ ሲራመዱ፣ ሲተነፍሱ፣ በር ሲያንኳኩ በጆሮዬ ሰማሁ።

ጃፓን ውስጥ ኦትሱቺ በምትባል ከተማ ኮረብታ ላይ አንድ ነጭ የስልክ ዳስ አለ። ውስጡ ያለው እንደ እኔው ስልክ ጥቁርና ባለ መደወያ ነው፤ የትም አልተገናኘም። ኢታሩ ሳሳኪ የሚባል ሰው የአጎቱ ልጅ ሲሞትበት ለራሱ ብሎ አቆመው፤ በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. የባሕሩ ማዕበል ያን አገር ሲጠርገው ግን ሰው ከየቦታው እየመጣ የሞቱበትን ሰዎች ቁጥር እያዞረ ያናግር ጀመር። እንግዶቼ ለምን የተቆረጠውን እጀታ ጆሯቸው ላይ እንደሚያደርጉ የገባኝ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲያነሳው "መስመር የለውም እኮ" አልልም።

ደሴ ፒያሳ አንድ ስልክ ጠጋኝ ወዳጅ አለኝ። መሳቢያው ውስጥ የኖኪያ ቀፎዎች እንደ ባቄላ ተከምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኖኪያ 3310 አዲስ ቅጂ መውጣቱን የነገረኝ እሱ ነው። ባለ በተን ስልክ ማን ይገዛሃል ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌዎች አለኝ፣ መብራት የሌለበት ገጠር ያሉ ሰዎች፣ ቻርጁ ሳምንት ስለሚቆይ፤ ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ልጆች ያሏቸው ወላጆች፣ ፈተናው እስኪያልፍ ታቹን ነጥቀው ይህን የሚሰጡ። ሌላም አለ። ሐዘን የገባባቸው ሰዎች መጥተው ለጥቂት ጊዜ ለእናታቸው የሚሰጧት፣ ፌስቡክ የሌለበት ስልክ ይጠይቁታል። ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አጎቴ ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። በ3 ከሩብ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ፎቶው ሻማ ተደርጎበት ተለጠፈ፤ የለጠፈው ማንም ይሁን አልፈረድኩበትም፣ እሱም ሐዘኑ ነው። እቴቴ ቴሌግራም የላትም። ልጇ ግን አላት። ልጅቷ ደግሞ ከሥራ ወጥታ ወደ 4 ሰዓት ላይ እንደ ሁልጊዜው በኢሞ ትደውላለች፤ እናቷ ፊቷን ታያለች፤ በቃ። ደጋግሜ ደወልኩላት፣ አታነሳም። "ዛሬ እንዳትደውይላት" ብዬ በድምፅ ላክሁ፤ አልሰማችውም። እኔ ደሴ ነኝ፤ በሌሊት መንገድ የለም።

አባባ ጋ ደወልኩ። ኢሻ ሰግደው ሊተኙ ነበር። ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ምንም አላሉም፤ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። "እሺ" አሉ፣ "ሰምቻለሁ።"

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እቴቴ ቤት ገብተው "ስልኬ ካርድ ጨርሳብኛለች፣ የአንቺን ለአንድ ጥሪ አውሺኝ፣ ጠዋት አመጣለሁ" አሏት። ሰጠቻቸው። ቡና ጠጡ አለቻቸው፤ አመሹ። ከዚያ ስልኳን ይዘው ጎረቤት ያለችው ሴት ጋ ወሰዱ፤ ማጥፋቱን ሁለቱም አያውቁበትም። ሴትዮዋ በነጠላ ጠቅልላ ጓዳዋ ካለው ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ ስር፣ ክንዷ እስኪደርስ ድረስ አስገብታ ቀበረችው።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ከደሴ ተነሣሁ። ቦሩ ሜዳ ላይ ጉሙ ፊት አያሳይም ነበር። ጎረቤት ቤት ስደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ ቄሱ፣ የአሁኑ ሼህ፣ ሴቶቹ፣ አባባ በመደቡ ጫፍ ላይ። በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ከግድግዳው ወዲያ እቴቴ እሳት ስታነድ፣ እንጨት ስትሰብር ይሰማል። እስኪበቃት ውሃ ትጠጣ፣ ፊቷን ትታጠብ እያልን ጥቂት ጠበቅን።

ያኔ ከጓዳው ድምፅ መጣ። ከገብሱ ስር፣ ታፍኖ፣ ከሆድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል። ስልኩ እየጠራ ነው። ሪያድ ነቅታለች ማለት ነው። ሁላችንም አባባን አየን፤ በዚህ ሰፈር የጠራን ስልክ ሁሉ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎታው ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። እንደገና ጠራ። ሲያበቃ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉና "እንግባ እንግዲህ" አሉ።